በአሮጌ አውቶሞቢል የኤሌክትሪክ ኀይል ሲጠፋ ምክንያቱን ስለ መመርመር

የአውቶሞቢል ኤሌክትሪክ በጠፋ ጊዜ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚከሰው ባትሪውን ነው። ባትሪው በኮፈኑ ሥር ጐልቶ የሚታይ ዕቃ ስለ ሆነ፣ ደግሞም በገንዘብ ተገዝቶ በቶሎ ሊለወጥ የሚችል ስለ ሆነ፣ ነገሩን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን ቀላል ነው። ዳሩ ግን በአሮጌ መኪና ላይ ኀይል የሚጠፋው ባትሪው በመሞቱ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ኀይሉ በባትሪው ውስጥ እያለ የሚሄድበት መንገድ ተበላሽቶ ነው። ይህን ሳይለይ ባትሪ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ያጠፋል፣ ደዌውም በመኪናው ላይ እንዳለ ይቀራል።

ስለዚህ ይህ ትምህርት የሚናገረው ስለ ምርመራ ሥርዓት ነው፤ ይኸውም አንዳች ነገር ከመግዛት አስቀድሞ ኮረንቲው ከየት ተነሥቶ፣ በየት አልፎ፣ ወዴት እንደሚመለስ በቅደም ተከተል መከታተል ነው። የመንደር መምህር መካኒክ ይሁን ማለት አይደለም። ነገር ግን ለገጠር ትምህርት ቤት መጽሐፉና ጠመኔው የሚመጣለት፣ የመንደሩም በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚሄደው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ አሮጌ መኪና ነው። ሽማግሌዎችም በባለመኪናና በመካኒክ፣ ወይም በገዢና በሻጭ መካከል ጠብ ሲነሣ ለዕርቅ ይጠራሉና፣ «የሸጥህልኝ ባትሪ ብልሹ ነበረ»፣ «አይደለም፣ አንተ አበላሸኸው» የሚለውን ክርክር ለመለየት ጥቂት ዕውቀት ያስፈልጋቸዋል።

የድሬዳዋ ከተማ ለዚህ ትምህርት መልካም ምሳሌ ናት። ከተማይቱ የተቈረቈረችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስለ ከበደው በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ፣ በቈላው ላይ በደረሰ ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያም አዲስ ሐረር ትባል ነበር። የባቡሩ ታላቅ የጥገና ሥራ ቤት በዚያ ስለ ተሠራ፣ ብዙ የከተማይቱ ሰዎች ከብረትና ከሞተር ጋራ ተዋውቀው አደጉ። በኋላም ፔጆ 404 የሚባለው የፈረንሳይ መኪና በድሬዳዋና በሐረር ታክሲ ሆኖ ለብዙ ዓመታት አገለገለ። ይህ መኪና በፈረንሳይ አገር የተሠራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1975 ድረስ ነው፤ እንግዲህ ከዚያ ከመጡት ታናሹ እንኳ ዛሬ ኀምሳ ዓመት የሞላው ነው። ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ከመጣ ወዲህ የታክሲው ሥራ በብዛት ወደ ባጃጅ ቢዞርም፣ የአሮጌዎቹ መኪኖች ዕድሜ በመካኒኮቹ ብልሃት ተራዝሟል። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ባቡር በ25 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ሲሄድ፣ የአሮጌው ፔጆ ኀይል ግን 12 ቮልት ብቻ ነው። ይህም ትንሽነቱ ራሱ የድካሙ ምክንያት ነው፤ 12 ቮልት ብቻ ያለው ሰው በመንገድ 3 ቮልት ቢጠፋበት ከሀብቱ አንድ አራተኛው ሄደ ማለት ነውና።

በመኪና ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ለማስተዋል የገበሬን ቤት ማሰብ ይበቃል። ባትሪው ጐተራ ነው፤ ዲናሞው ጐተራውን የሚሞላ ገበሬ ነው፤ ሞተሪኖው፣ መብራቱ፣ ክላክሱ፣ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ቦቢና ሁሉ ከጐተራው የሚበሉ ቤተ ሰቦች ናቸው። ሞተሩ ሲነሣ ዲናሞው በቺንጋ እየተጐተተ ይዞራል፣ ኮረንቲም ያወጣል፤ ከዚህም ከፊሉ ለሥራ ይውላል፣ የተረፈውም ወደ ባትሪው ይገባል። ስለዚህ ጐተራው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ ወይ ገበሬው አላስገባም፣ ወይ በሌሊት ሌባ አውጥቷል፣ ወይ ጐተራው ራሱ ተበስቷል። አራተኛም አለ፤ ጐተራው ሙሉ ሆኖ ሳለ መንገዱ ተዘግቶ ቤተ ሰቡ ይራባል። በአሮጌ መኪና ላይ እጅግ የሚያጋጥመው ይህ አራተኛው ሲሆን፣ ሰው ግን አስቀድሞ የሚያስበው ሦስተኛውን ነው።

ኮረንቲ በመሄጃው ብቻ አይሠራም፤ መመለሻም ይሻል። በቤት ውስጥ ለአንድ መብራት ሁለት ሽቦ የሚዘረጋው ስለዚህ ነው። በመኪና ላይ ግን በብዛት የሚታየው አንድ ሽቦ ነው፤ መመለሻው የመኪናው የብረት አካል ራሱ ነውና። ከባትሪው ሁለት ጫፎች አንዱ፣ በብዙዎቹ መኪኖች የመቀነስ ምልክት ያለበት፣ በወፍራም ሽቦ ከአካሉና ከሞተሩ ጋራ ይታሰራል፤ መካኒኮች ይህን ማሳ ይሉታል። በአንዳንድ እጅግ አሮጌ መኪኖች ግን ከአካሉ ጋራ የታሰረው የመደመር ምልክት ያለበት ጫፍ ስለ ሆነ፣ ሳያረጋግጡ ባትሪ መለወጥ አይገባም።

ስለ ባትሪው ጥቂት ቍጥር ማወቅ ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ጋስቶን ፕላንቴ የተባለ ፈረንሳዊ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1859 ፈለሰፈው። የዛሬው የመኪና ባትሪ በውስጡ 6 ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ከ2 ቮልት ጥቂት የሚበልጥ ይሰጣል። ተሞልቶ ጥቂት ሰዓት ያረፈ ደኅና ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12.2 ሲያሳይ ወደ እኩሌታው ወርዷል፤ ከ12 በታች የሆነውም ባዶ ወደ መሆን ቀርቧል። ሞተሩ ሲዞርና ዲናሞው ተግቶ ሲሠራ በባትሪው ጫፎች ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ያህል ይታያል። እነዚህን ቍጥሮች የሚያሳየው ቴስተር የተባለው መለኪያ ዋጋው ከአንድ አዲስ ባትሪ ጋራ ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው፤ በአንድ መንደር ሦስት አራት መኪና ካለ ባለቤቶቹ በማኅበር አንዱን ገዝተው ቢያስቀምጡ ይበጃቸዋል።

ምርመራው ሲጀመር ግን መለኪያም አያስፈልግም፤ ዐይንና እጅ ይበቃሉ። አስቀድሞ የእጅ ቀለበትና የብረት ሰዓት ይውለቅ፣ ሲጋራም ይጥፋ። ከዚያ በኋላ በባትሪው ጫፎች ላይ የሚታሰሩት የሽቦ መያዣዎች፣ በጋራዥ ሞርሴቶ የሚባሉት፣ ይታዩ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ዝገት ካበቀሉ፣ ወይም በእጅ ሲነቀነቁ የሚዞሩ ከሆነ፣ ሌላ ነገር ከመጠርጠር በፊት ይህ ይታረም። ሲፈታ ከአካሉ ጋራ የታሰረው ጫፍ አስቀድሞ ይፈታል፤ ሲታሰርም እርሱ በመጨረሻ ይታሰራል። ምክንያቱም ሌላው ጫፍ ቀድሞ ሲፈታ መፍቻው በድንገት የመኪናውን ብረት ቢነካ ታላቅ የእሳት ብልጭታ ይነሣል። ዝገቱ በሙቅ ውሃ በተበጠበጠ ሶዳ ይታጠብ፤ ውሃውም ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ ይጥበቁ። መገናኛዎቹ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ድረስ ተፈግፍገው ይጠበቁ፤ ግራሶ የሚቀባውም ከታሰሩ በኋላ በላያቸው ነው እንጂ በመካከላቸው አይደለም። ሞቷል የተባለ ብዙ ባትሪ በዚህ ሥራ ብቻ ተነሥቷል።

ይህ ተደርጎ መኪናው እንቢ ካለ፣ የፊት መብራቱ ምስክር ሆኖ ይጠራ። መብራቱ በርቶ ሳለ አንድ ሰው ቍልፉን አዙሮ ሞተሪኖውን ይሞክር፤ ሌላው ከፊት ቆሞ መብራቱን ይመልከት። መብራቱ ከመጀመሪያውም ፈጽሞ ካልበራ፣ ከባትሪው አጠገብ ያለ ዋና መገናኛ ተቋርጧል ወይም ባትሪው ባዶ ሆኗል። መብራቱ በርቶ ቍልፉ ሲዞር እንደ ከሰል ቀልቶ ቢደበዝዝ፣ ባትሪው ደክሟል፣ ወይም ሞተሪኖው ተይዞ ከመጠን በላይ ኮረንቲ ይስባል። ነገር ግን ሞተሪኖው ዝም ብሎ ወይም «ቋ» ብሎ ብቻ መብራቱ እንዳማረበት ቢቆይ፣ ኀይሉ በባትሪው ውስጥ አለ፣ ወደ ሞተሪኖው ግን አልደረሰም ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚስተው በዚህ በመጨረሻው ምልክት ላይ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል።

ለምሳሌ በሳቢያን ሰፈር ተቀምጦ በአሮጌ ፔጆ የሚሠራ አንድ ባለ ታክሲ ይታሰብ። መኪናው በማለዳ ደኅና ይነሣል፤ ቀትር ላይ ሞተሩ ሲግል ግን «ቋ» ብሎ ዝም ይላል። ጎረቤቶቹ ይገፉለታል፤ ተነሥቶም ይሄዳል። በሳምንቱ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ሦስት ቀን ያህል የተሻለ ይመስልና ያው ይመለሳል። ቀጥሎም ሞተሪኖው ይፈታና ካርቦኑ ይለወጣል፤ መብራቱ ደማቅ ስለ ሆነ «ባትሪውስ ደኅና ነው፣ ጥፋቱ የሞተሪኖው ነው» ተብሎ ነው። ያም አልረዳም። የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ በዚህ መካከል ያልቃል። ደዌው ያለው ግን ከሞተሩ ወደ አካሉ በምትሄድ አንዲት ጠፍጣፋ ሽቦ ላይ ነው። ሞተሩ በጐማ ላይ የተቀመጠ ስለ ሆነ፣ ጐማም ኮረንቲ ስለማያሳልፍ፣ ይህች ሽቦ ከሌለች የሞተሪኖው ኮረንቲ መመለሻ ያጣል። ሽቦይቱ ለዓመታት ዘይትና አቧራ ጠጥታ፣ ጫፏ ዝጎ፣ ከክሯ እኩሌታው ተበጥሶ ሳለ ከላይ ሲያዩአት ሙሉ ትመስላለች። ስትግል ደግሞ ዕንቅፋቷ ይበልጥ ይጨምራል።

መብራቱ እየደመቀ ሞተሪኖው የሚደክመው ለምን እንደ ሆነ በሒሳብ ሲታይ ግልጥ ይሆናል። ጆርጅ ኦም የተባለው የጀርመን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1827 እንዳስታወቀው፣ በመንገድ ላይ የሚጠፋው ቮልት የኮረንቲው ብዛት በመንገዱ ዕንቅፋት ተባዝቶ የሚገኘው ነው። የዛገችው ሽቦ ዕንቅፋት 0.02 ኦም ብቻ ይሁን። ሁለቱ የፊት መብራቶች 7.5 አምፔር ያህል ስለሚስቡ፣ ኮረንቲያቸው በዚህች ሽቦ ቢያልፍ እንኳ የሚጠፋባቸው 0.15 ቮልት ነው፤ ይህንንም ዐይን አይለየውም። ሞተሪኖው ግን 150 አምፔር ያህል ይሻል፤ 150 በ0.02 ሲባዛ 3 ቮልት ይሆናል። ባትሪውም በዚያ ሸክም ራሱ ወደ 11 ቮልት ይወርዳልና ለሞተሪኖው የሚተርፈው 8 ብቻ ነው፤ በዚህም የጋለ ሞተር አይዞርም። እንግዲህ በቀጭን መንገድ አንድ እግረኛ በምቾት እንደሚያልፍና ባለ መቶ በቅሎ ሲራራ ነጋዴ ግን እንደሚታገድ ማለት ነው።

ይህን ለመመስከር የሚያስፈልገው አንድ ወፍራም ሽቦ ነው። ባትሪ ከባትሪ ለማያያዝ ሾፌሮች የሚይዙት ኬብል ለዚህ ይሆናል፤ ማርሹ ባዶ ላይ ሆኖ፣ አንዱ የኬብሉ ጫፍ ከአካሉ ጋራ በታሰረው የባትሪ ጫፍ ላይ፣ ሌላው በሞተሩ ንጹሕ ብረት ላይ ይያዝና ቍልፉ ይዙር። ሞተሩ ወዲያው በብርታት ከዞረ፣ ወንጀለኛው የማሳው ሽቦ እንደ ሆነ ተረጋገጠ፤ አዲስ ሽቦ መግዛትና የሚያርፍበትን ቦታ እስከ ብረቱ ድረስ ፈግፍጎ ማሰር ይበቃል። መለኪያ ያለው ሰው ደግሞ ቴስተሩን በእነዚሁ ሁለት ቦታዎች ላይ አድርጎ፣ ቍልፉ ሲዞር ይመልከት፤ 0.2 ቮልት ወይም ከዚያ በታች ቢታይ መንገዱ ደኅና ነው፣ ከ0.5 ቢያልፍ ታሟል። መሣሪያ የሌለው ሰውም ከጥቂት ሙከራ በኋላ መገናኛዎቹን አንድ በአንድ በጥንቃቄ ቢዳስስ፣ ዕንቅፋት ባለበት ሙቀት ይኖራልና የጋለውን ያገኛል። አንዳንድ ጊዜም ኮረንቲው የተበጠሰውን ማሳ ትቶ ወደ ሞተሩ በሚሄድ ቀጭን የብረት ገመድ በኩል መመለሻ ይፈልጋል፤ ገመዱም እስኪጨስ ድረስ ይግላል። ያለ ምክንያት የሚግል የብረት ገመድ የታየ እንደ ሆነ ማሳውን መርምር ማለት ነው።

መንገዱ ደኅና ሆኖ ባትሪው ሁልጊዜ ማታ ማታ ተርቦ የሚገኝ ከሆነ፣ ምርመራው ወደ ገበሬው፣ ወደ ዲናሞው ይዞራል። ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ቀይ መብራት አለ፤ ቍልፉ ሲከፈት በርቶ ሞተሩ ሲፈጥን መጥፋት ይገባዋል። እየተሄደ ከበራ ዲናሞው አያስገባም ማለት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ቺንጋው በአውራ ጣት ከመካከሉ ይጫን፤ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ቢጐብጥ መልካም ነው፤ ከዚያ እጅግ ቢላላ ወይም ዘይት ነክቶት ቢያበራ ይንሸራተታል። ቀጥሎ የዲናሞው ካርቦን ማለቁ፣ ከዚያም የኮረንቲ መቈጣጠሪያው መበላሸቱ ይጠየቃል። አሮጌው ዲናሞ ሞተሩ በቀስታ ሲዞር ምንም ያህል ኮረንቲ አይሰጥም። ስለዚህ ከከዚራ ተነሥቶ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ የሚደርስ፣ በየመቆሚያውም ሞተሩን ሳያጠፋ ተሳፋሪ የሚጠብቅ ታክሲ፣ ዲናሞው ደኅና ሆኖ እንኳ ከሚያስገባው የሚያወጣው ይበልጣል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 ወዲህ በዲናሞው ፈንታ እየተተካ የመጣው አልተርኔተር በዝግታ ሲዞርም ስለሚሰጥ በዚህ ይሻላል። ነገር ግን አልተርኔተር ባለው መኪና ላይ «ዲናሞው ይሠራ እንደ ሆነ እንይ» ብሎ ሞተሩ እየዞረ የባትሪውን ሽቦ መንቀል ታላቅ ጥፋት ነው፤ ቮልቱ በድንገት ከፍ ብሎ በውስጡ ያሉትን ዳዮዶች ያቃጥላል። ይህ ልማድ በብዙ ቦታ እንደ ብልሃት ይቈጠራል፤ ቢተዉት ይሻላል።

በፔጆ 404 ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። የሞተሩ ማራገቢያ በኤሌክትሮማግኔት እየተያዘና እየተለቀቀ የሚሠራ ነው፤ ወደ እርሱ የሚሄደው ሽቦ ቢበጠስ ወይም ካርቦኑ ቢያልቅ ማራገቢያው ስለማይያዝ ሞተሩ ይፈላል። በድሬዳዋ የግንቦትና የሰኔ ሐሩር ይህ ሲሆን ባለመኪናው ራዲያተሩን ያስጠርጋል፣ ውሃም ይጨምራል፤ ጥፋቱ ግን የኤሌክትሪክ ነው።

በማታ ደኅና ሆኖ ያደረ፣ በማለዳ ግን ባዶ ሆኖ የተገኘ ባትሪ በሌሊት ሌባ ገብቶበታል። ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ በሮቹም ተዘግተው ሳለ፣ ከአካሉ ጋራ የታሰረው ሽቦ ከባትሪው ይፈታና በሽቦውና በባትሪው ጫፍ መካከል ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ትግባ። ከበራች ኮረንቲ እየፈሰሰ ነው። ያን ጊዜ ፊውዞቹ አንድ በአንድ ይነቀሉ፤ አምፖሏ የጠፋችበት ፊውዝ ሌባው ያለበትን መንገድ ያመለክታል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዕቃ መያዣው ክዳን ሥር የተረሳ መብራት፣ ኋላ የተጨመረ ራዲዮ፣ ወይም ከቀድሞ እጆች አንዱ ጠምዝዞ በፕላስተር የጠቀለለው የሽቦ ቅጥልጥል ነው። በቈላ ሙቀት የፕላስተሩ ሙጫ ይቀልጥና ሽቦው ይገለጣል። ስለ ፊውዝም አንድ ነገር መናገር ግድ ነው። ፊውዝ ሲቃጠል ዘበኛው ሥራውን ሠራ ማለት ነው። በእርሱ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት የሚያስገባ ሰው ዘበኛውን አስሮ በሩን ለእሳት ይከፍታል፤ ቤንዚን ባለበት ዕቃ ውስጥ የጋለ ሽቦ ምን እንደሚያደርግ መናገር አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ካልተገኘ ያን ጊዜ ባትሪው ራሱ ይከሰስ። የአሲዱን ክብደት በሚለካው የመስታወት መሣሪያ አምስቱ ክፍሎች 1.25 ያህል ሲያሳዩ አንዱ 1.10 ቢያሳይ፣ ያ ክፍል ሞቷል፤ ባትሪ መግዛትም አሁን ተገቢ ነው። የሻጩንና የገዢውን ክርክር የሚዳኙ ሽማግሌዎችም ይህን ልኬት በፊታቸው ቢያስለኩ ከብዙ መሐላ ይሻላል። ባትሪን በቈላ የሚገድለው ከሁሉ ይልቅ ሙቀት ነው፤ በውስጡ ያለው ውሃ ይተንና የእርሳሱ ሰሌዳዎች ደርቀው ይበላሻሉ። ስለዚህ ክፍት ዓይነት የሆነው ባትሪ በየሁለት ሳምንቱ ይታይ፣ ሲጐድልም የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ይጨመርበት። የድሬዳዋ የቧንቧ ውሃ ኖራ የበዛበት ስለ ሆነ በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚተው ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ ያ ቅርፊት የሚሆነው ነገር ባትሪ ውስጥ ሊገባ አይገባም። አሲድም በውሃ ፈንታ አይጨመርም።

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል ፈጥኖ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። በሌሊት ውሃው መጕደሉን ለማየት ክብሪት ጭሮ ወደ ባትሪው ማቅረብ ባትሪውን በፊት ላይ ማፈንዳት ነው፤ ሲጋራው አስቀድሞ ይጥፋ የተባለውም ስለዚህ ነው። አሲድ ወደ ዐይን የገባበት ሰው ዐይኑን በብዙ ንጹሕ ውሃ ከሩብ ሰዓት ላላነሰ ጊዜ እየታጠበ ወደ ሐኪም ይወሰድ። የሞተውንም ባትሪ ሰብሮ እርሳሱን በጓሮ ማቅለጥ ፈጽሞ መከልከል አለበት፤ የእርሳስ ጭስና ብናኝ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጐዳ መርዝ ነው፣ ጕዳቱም ከገባ በኋላ አይመለስም። መምህራን ልጆች እንዲህ ባለ ቦታ እንዳይጫወቱ ቢያስጠነቅቁ ከዚህ ትምህርት ሁሉ የበለጠ ሥራ ሠሩ ማለት ነው።

የኀይል መጥፋት በቀን ኪሳራ ሲሆን በሌሊት የነፍስ ነገር ይሆናል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ከከተማይቱ ወጥቶ በደንገጎ ዳገት ላይ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ የተጫነ የጭነት መኪናም ይበዛበታል። ቤንዚን የሚጠጣ መኪና ኮረንቲው ሲያልቅ ካንዴላው እሳት ስለሚያጣ ራሱ ይቆማል። አሮጌው ናፍጣ ግን ለመቀጣጠል ካንዴላ ስለማይሻ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ሞተሩ ይሄዳል፤ በዚህም ሾፌሩ «ጨረቃ አለችልኝ» ብሎ ይፈተናል። የፊት መብራቱ ቢጫ መሆን የጀመረበት ሾፌር እደርሳለሁ ብሎ ተስፋ አያድርግ፤ ጥቂት ብርሃን ሳለ ሰፊ ቦታ መርጦ ከመንገዱ ይውጣ። ተሳፋሪዎችም ከአስፋልቱ ርቀው በተራራው በኩል ይቁሙ። ለምልክት የተደረደሩት ድንጋዮች መኪናው ሲነሣ ይነሡ፤ በሌሊት ከኋላ የሚመጣ ሌላ ሾፌር በተረሳ ድንጋይ እንዳይገለበጥ ነው።

በክፍል ውስጥ ይህን ለማስተማር መኪና አያስፈልግም። መምህሩ ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ አምፖል፣ ጥቂት ሽቦና አንድ እጅግ የዛገ ምስማር ያምጣ። አምፖሏ ስትበራ ተማሪዎቹ ካዩ በኋላ፣ ሽቦው በመካከል ተቈርጦ ምስማሩ ይግባበት፤ አምፖሏ ትጠፋለች ወይም ትደበዝዛለች። ያኔ አንድ ተማሪ «የባትሪ ድንጋዩ አልቋል» ማለቱ አይቀርም። መምህሩ ምንም ሳይመልስ ምስማሩን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ይመልሰው። በትምህርት ቤቱ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ካለም ይኸው ሥርዓት ለዚያ ባትሪ ይሠራል፤ መብራቱ ሲደክም አስቀድሞ የሚታየው መገናኛው ነው።

ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ሒሳብ መስጠት ይቻላል። በ12 ቮልት የሚሠሩ ሁለት የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 45 ዋት ቢሆኑ ስንት አምፔር ይስባሉ? መልሱ 90 ለ12 ተካፍሎ 7.5 ነው። 45 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ሙሉ ባትሪ ሞተሩ ሳይዞር እነዚህን መብራቶች ስንት ሰዓት ያበራል? በሒሳብ 6 ሰዓት ነው፤ ያረጀ ባትሪ ግን ይህን ያህል አይቆይም። በዕቃ መያዣው ውስጥ የተረሳ የ6 ዋት አምፖል ይህንኑ ባትሪ በስንት ቀን ይጨርሰዋል? በሰዓት 0.5፣ በቀን 12 አምፔር ሰዓት ይወስዳልና አራት ቀን ሳይሞላ ነው። ያ የዛገው የማሳ ሽቦ ተለውጦ ዕንቅፋቱ ከ0.02 ወደ 0.002 ኦም ቢወርድ፣ 150 አምፔር ሲያልፍበት ስንት ቮልት ይጠፋል? ይህን የመጨረሻውን ተማሪዎቹ በቤታቸው ሠርተው ይምጡ፤ መልሱ 0.3 ቮልት ነው።